ፓምፑ ከመወንጀሉ በፊት

የኤክስካቫተር ክንድ ሥራ ላይ እያለ አልነሣ ሲል ፍርዱ የሚሰጠው ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ነው፤ «ፓምፑ ሄዷል» ይባላል። ኦፕሬተሩ ይናገራል፣ ረዳቱ ይደግፋል፣ በስልክ የተጠራው መካኒክ ገና መንገድ ላይ ሳለ ይስማማል። ፓምፑ ይወርዳል። ለአዲሱ ፓምፕ የውጭ ምንዛሪ ይፈለጋል፤ እስኪገኝ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኑ ሲቆም ገልባጭ መኪኖቹ ይሰለፋሉ፣ የቀን ሠራተኛው ይበተናል። አዲሱ ፓምፕ ተገጥሞም ክንዱ እንደ ቀድሞው ሲንቀራፈፍ ነው «እስቲ ደግሞ ሪሊፍ ቫልቩን እንየው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው። ቫልቩ ሲፈታ መቀመጫው ላይ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ተሰንቅራ ትገኛለች። በእሷ ሳቢያ ቫልቩ አልገጥም ብሎ ዘይቱን ወደ ታንክ ሲመልስ ከርሟል። መድኃኒቱ አንድ ጣሳ ናፍጣና አንድ ብሩሽ ነበር።

ከባድ ማሽነሪ በሚጠገንበት ጋራዥ የዋለ ሰው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ታሪክ አያጣም። ነገሩ ከመካኒኩ ስንፍና የመጣ አይደለም። ማርሽ ሲሰበር ጥርሱ ይታያል፣ ሽቦ ሲቃጠል ይሸታል። የሃይድሮሊክ ግፊት ግን ብረት ቱቦና ሆዝ ውስጥ ነው፤ ያለ መለኪያ ማንም አያየውም። ያላዩትን በግምት መወንጀል ይቀላል፤ ተከሳሹም ሁልጊዜ ትልቁና ውዱ ዕቃ ይሆናል።

ይህን ልማድ ሠልጣኙ ጋራዥ ሳይገባ መስበር የሚቻለው በልምምድ ሰሌዳ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቆሟል። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፣ ከታች አራት ጎማ አለው፣ ፊቱ ላይ ጌጆች፣ ቫልቮች፣ ሆዞችና ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሲሊንደር ተደርድረዋል። ሠልጣኞቹ ፊቱን በደንብ ያውቁታል። ጀርባው ግን በላሜራ በር የተዘጋ ነው፤ ቁልፉም መምህሩ ኪስ ውስጥ ነው።

«ፓምፕ ግፊት አይሠራም»

መምህሩ የመጀመሪያውን ቀን የሚጀምረው ሠልጣኞቹ በማይቀበሉት ዓረፍተ ነገር ነው።

«ፓምፕ ግፊት አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል ቲቸር?» ትላለች ከፊት የቆመች ሠልጣኝ።

«ዘይት ይገፋል፤ በቃ። ግፊቱን የሚያመጣው ዘይቱን አላሳልፍ የሚለው ነገር ነው። ነይ፣ ራስሽ እዪው።»

ሞተሩ ይነሣል። ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ በክፍት መዝጊያ አልፎ ወደ ታንኩ ይመለሳል። የጌጁ ቀስት ከዜሮ ፈቀቅ ያለ አይመስልም። ልጅቷ መዝጊያውን በጥቂት በጥቂቱ ታጠባለች፤ ቀስቱ 10 ባር፣ 20፣ 35 እያለ ይወጣል፤ የፓምፑም ድምፅ እየወፈረ ይሄዳል። 50 ላይ ሲደርስ ቀስቱ ይቆማል። መዝጊያውን ጨርሳ ብትዘጋውም ከዚያ አያልፍም።

«አሁን ዘይቱ በየት እየሄደ ነው?» ይጠይቃል መምህሩ። ዝም ይላሉ። እጇን ይዞ ከሪሊፍ ቫልቩ ወደ ታንክ የሚወርደው ሆዝ ላይ ያስቀምጠዋል። ሆዙ ይንዘረዘራል። መውጫ ያጣው ዘይት ሁሉ በዚያ በኩል እየወረደ ነው። ያ ቫልቭ ባይኖር ፓምፑ መግፋቱን አያቆምም፤ ከሆዙ፣ ከፊቲንጉ ወይም ከራሱ ከፓምፑ ደካማው እስኪፈነዳ ድረስ ግፊቱ ይጨምራል።

የዚህ ሁሉ መሠረት የፈረንሳዊው የብሌዝ ፓስካል ግኝት ነው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀነስ በሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። ስለ ፈሳሾች ሚዛን የጻፈው ድርሳን የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1663 ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ይህንኑ ሕግ ወደ ማሽን ለውጦ የሃይድሮሊክ ፕሬስ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1795 ነው። በትንሽ ፒስተን የገባ ትንሽ ጉልበት በትልቅ ፒስተን በኩል ብዙ ሆኖ ይወጣል፤ በምትኩ ትልቁ ፒስተን የሚሄደው አጭር መንገድ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ፍሬንም ሆነ የገልባጭ መኪና ጃክ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ከቱቦላሬ እስከ ሲሊንደር

ሰሌዳው የተሠራው እዚያው ነው። አጥንቱ 40 በ40 ቱቦላሬ ነው፤ ብየዳውን የሠሩት የብረታ ብረት ክፍል ሠልጣኞች ናቸው። ከሥር ጠርዙ የታጠፈ የላሜራ ትሪ አለው፤ የሚንጠባጠበው ዘይት ወለሉን እንዳያበላሽና ሰው እንዳያንሸራትት ነው።

ዲዛይኑ የሚነሣው ከፓምፑ ነው። የተመረጠው ትንሽ ጊር ፓምፕ በአንድ ዙር 4 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት ያወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 1450 ጊዜ ሲዞር በደቂቃ 5.8 ሊትር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሌላው ቁጥር ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ባርን በደቂቃው ሊትር አባዝቶ ለ600 ማካፈል ኪሎ ዋት ይሰጣል፦ 50 ሲባዛ 5.8፣ ሲካፈል ለ600፣ ግማሽ ኪሎ ዋት ገደማ ነው። በመንገድ የሚባክነውን አስበው 0.75 ኪሎ ዋት ሞተር ገጠሙ። ታንክ በተለመደው ልኬት የደቂቃውን ፍሰት ከ3 እስከ 5 እጥፍ ይይዛል፤ ስለዚህ 30 ሊትር በቂ ሆነ። ታንኩ ውስጥ መካከል ላይ ግድግዳ ተበይዷል፤ ከሥራ የተመለሰው ትኩስና አረፋማ ዘይት በቀጥታ ወደ መምጠጫው እንዳይገባ፣ ዞሮ እየቀዘቀዘና አየሩን እየለቀቀ እንዲደርስ ነው። ዘይቱ 46 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ነው።

የቀረው ከየቦታው ተሰበሰበ። በእጅ የሚንቀሳቀሰው ባለ ሦስት ቦታ ዳይሬክሽናል ቫልቭ ከተወገደ ማሽን ላይ ወረደ። ቡሎንና ዳዶው፣ የብረቱም ቁርጥራጭ ከሚናለሽ ተራ፣ ጎሚኒና ኦሪንጉ ከሶማሌ ተራ መጣ። ሲሊንደሩን አንድ ቶርኖ ቤት ሠራው፤ የውስጥ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ውፍረት 25፣ የሚሄደው መንገድ 200 ሚሊ ሜትር ነው።

ጊዜ የበላው ግን ፊቲንጉ ነበር። አገራችን የጃፓን፣ የቻይና፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ማሽን አብረው የሚውሉባት ናት፤ የቡሎናቸው ጥርስ ግን አይዛመድም። የእንግሊዙ ሩብ ኢንች የቧንቧ ጥርስ በአንድ ኢንች ውስጥ 19 ጥርስ አለው፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው። የአሜሪካው ሩብ ኢንች 18 ጥርስና 60 ዲግሪ ነው፤ እየጠበበም ይሄዳል። ሁለቱን በእጅ ሲያጋጥሟቸው ለአንድ ሁለት ዙር ይስማማሉ። በቁልፍ ሲታሰሩ የገጠሙ ይመስላሉ፤ ግፊት ሲመጣ ያፈሳሉ፣ ሲብስም ተነቅለው ይወረወራሉ። ግማሽ ኢንች ላይ ደግሞ ሁለቱም 14 ጥርስ ስላላቸው ማደናገሩ ይከፋል። መምህሩ ከዚህ መከራ ትምህርት አወጣበት። አሁን ሰሌዳው አጠገብ የልዩ ልዩ አገር ፊቲንጎች የተቀላቀሉበት ሣጥን አለ፤ ሠልጣኙ በካሊፐርና በጥርስ መለኪያ ለይቶ ካልደረደራቸው ወደ ሰሌዳው አይቀርብም።

ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ምልክቱ በቀለም ተሥሏል። ምልክቶቹ አይ ኤስ ኦ 1219 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያዛቸው ናቸው። የማሽኑ መመሪያ በቻይንኛም ይጻፍ በጀርመንኛ ሥዕሉ አንድ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያነብ መካኒክ ሥዕሉን ማንበብ ይችላል።

100 ኪሎ ሲነሣ ጌጁ ስንት ይላል?

ሠልጣኞቹ ስልካቸውን አውጥተው ሰዓት ይይዛሉ። ሲሊንደሩ ባዶውን እስከ መጨረሻ ለመውጣት 2.6 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ለመመለስ 1.6 ሰከንድ ብቻ። ፓምፑ ያው፣ ዘይቱም ያው ሆኖ ለምን ተለያየ? መልሱ ከዘንጉ ነው። ሲወጣ ዘይቱ የሚገፋው ሙሉውን የፒስተን ፊት ነው፣ 12.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ሲመለስ ዘንጉ ከቦታው 4.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለያዘበት የሚቀረው 7.7 ነው። የሚሞላው ጉድጓድ ካነሰ ቶሎ ይሞላል። ጉልበቱም በዚያው ልክ ያንሳል። 1 ባር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ስለሚጫን፣ በ50 ባር ሲወጣ 630 ኪሎ፣ ሲመለስ 385 ኪሎ ገደማ ይገፋል።

ቀጥሎ በወንፊት ሽቦ የታጠረ 100 ኪሎ ብረት ዘንጉ ላይ ይጫናል። ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ጌጁ የሚያሳየውን ቁጥር ይጽፋል። ብዙዎቹ 50 ብለው ይጽፋሉ፤ ሪሊፉ የታሰረው 50 ላይ ነውና። ብረቱ ሲነሣ ጌጁ 8 አካባቢ ነው። 100 ኪሎ ለ12.6 ማካፈል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። 50 የሚታየው ዘንጉ መጨረሻ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሠልጣኝ የማሽን ጌጅ ዝቅ ብሎ ሲያይ «ግፊት የለም፣ ፓምፑ ሞቷል» ብሎ አይፈርድም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሸክሙ ስንት ነው?» ብሎ ነው።

ከላሜራው በር ጀርባ

የሰሌዳው ዋና ጥቅም የሚገኘው ከጀርባው ነው። እዚያ መምህሩ እያወቀ የሚያበላሽባቸው ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። ሠልጣኞቹ ወጥተው ሲመለሱ አንዱ ነገር ተነክቷል። ሥራቸው ያንን መፈለግ ነው።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ዓምድ ይሞላል፦ ያየሁት፣ የጠረጠርኩት፣ የለካሁት። ነገሩ የቀድሞውን የበላ ልበልሃ ሙግት ይመስላል። ከሳሽ ተነሥቶ ፓምፑን ይከሳል፣ ሌላው ለፓምፑ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል፣ ጌጆቹ ምስክር ይሆናሉ። ያለ ምስክር የሚፈታ ዕቃ የለም።

አንድ ቀን የተነካው የመምጠጫው መስመር ነበር፤ መዝጊያው በከፊል ተዘግቷል። ሲሊንደሩ ይዘገያል፣ የጌጁ ቀስት ይንቀጠቀጣል፣ ፓምፑ ያንቋርራል። አንድ ሠልጣኝ «ፓምፑ ነው፤ ይሰማችኋል» አለ። ጮሆ የተናገረው ፓምፑ ነበርና የተያዘውም እሱ ሆነ። መምጠጫው ላይ የተገጠመው ጌጅ ሲታይ ግን ከሚገባው በላይ ወደ ባዶነት ወርዷል። ፓምፑ ዘይት ተርቦ ነው የሚጮኸው። ዘይቱ በበቂ ሳይደርስለት ሲቀር ግፊቱ ይወርድና ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ግፊት ያለበት ጎን ሲደርስ እየተደረመሰ ብረቱን ይቦረቡራል። ሜዳ ላይ የዚህ መንስኤ የታፈነ ወንፊት፣ የቀዘቀዘ ወፍራም ዘይት ወይም ውስጡ የተላጠ የመምጠጫ ሆዝ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይታይ አዲስ ፓምፕ የገጠመ ሰው አዲሱንም ያስበላዋል።

ሌላ ቀን ሪሊፍ ቫልቩ ወደ 6 ባር ዝቅ ተደርጎ ነበር። ሲሊንደሩ ባዶውን እንደ ወትሮው በ2.6 ሰከንድ ይወጣል። 100 ኪሎው ሲጫን ንቅንቅ አይልም። ይህ ምልክት የማያሻማ ምስክር ነው፤ ፍጥነቱ ካልተጓደለ ፓምፑ ዘይቱን እያወጣ ነው ማለት ነው፤ የጠፋው ዘይቱን ገትሮ የሚይዘው ነገር ነው።

ያለቀ ፓምፕ የሚያሳየው ምልክት ከዚህ ይለያል። ፍሰት መለኪያው ላይ ግፊት በሌለበት ደህና ቁጥር ይታያል፤ ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱ ክፉኛ ይወድቃል፤ ዘይቱ ባለቀው ክፍተት ወደ ኋላ ስለሚሾልክ ነው። የሚያስቸግረው የሚያሾልክ ሪሊፍም ይህንኑ ማሳየቱ ነው። ሁለቱን የሚለየው እጅ ነው። ሥራ ሳይሠራ ግፊቱን የጣለ ዘይት ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ 50 ባር በከንቱ ሲወርድ ዘይቱ በአንድ ማለፍ ብቻ 3 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ዝግ ሊሆን የሚገባው የሪሊፍ መመለሻ ቱቦ ከሞቀ ሌባው እዚያ ነው።

ሠልጣኞቹን ብቻ ሳይሆን ለጉብኝት የመጡ አንድ የጋራዥ ባለሙያንም ያከራከረው ደግሞ ሦስተኛው ነበር። 100 ኪሎው ተነሥቶ ተሰቅሏል፤ ከሲሊንደሩ በላይና በታች ያሉት ሁለት መዝጊያዎች ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። መምህሩ ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል የሚያገናኝ ቀጭን መተላለፊያ ይከፍታል። ይህ የፒስተኑ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይት ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ የሚሆነውን ያሳያል። ሸክሙ ምን ይሆናል?

«ይወርዳላ!» አለ አንዱ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?» ብሎ መምህሩ ወደ እንግዳው ዞረ።

«ጎሚኒው ከተበላ መውረዱ አይቀርም» አሉ። ሠላሳ ዓመት ያህል የታመነ መልስ ነው።

መተላለፊያው ተከፈተ። ብረቱ ትንሽ ፈቀቅ አለና ቆመ። ታችኛው ጌጅ ከ8 ወደ 20 ባር ዘለለ፤ ላይኛውም ከዜሮ ተነሥቶ 20 ላይ ደረሰ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ጌጆቹ ጠጋ አሉ።

ምክንያቱ ቦታ ነው። ሸክሙ እንዲወርድ ዘንጉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ዘንጉ ሲገባ የራሱን ቦታ ይይዛል፤ ከታች የወጣው ዘይት ሁሉ ላይኛው ክፍል አይበቃውም፤ ሁለቱም መውጫ ተዘግቷልና የሚሄድበት የለም። ሸክሙን የሚሸከመው እንግዲህ የዘንጉ 4.9 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ 100 ለ4.9 ሲካፈል 20 ይሆናል። እንዲህ ባለ አቋቋም ቁልቁል የሚወርድ ክንድ ሲያጋጥም ዘይት ወደ ውጭ ወይም ወደ ታንክ የሚያሾልክ አንድ ቦታ አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዳይሬክሽናል ቫልቩ ወይም ሸክም ያዡ ቫልቭ ነው። ሲሊንደር አውርዶ፣ ጎሚኒ ለውጦ፣ ገጥሞ ያው ክንድ ሲወርድ ማየት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሸክሙ ዘንጉን ወደ ውጭ የሚጎትት ከሆነ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የተበላ ጎሚኒ ብቻውን ሸክሙን ሊያወርደው ይችላል።

50 ባርም ያቆስላል

ዘመናዊ ኤክስካቫተር 350 ባር አካባቢ ይሠራል። የቦይንግ 737 ሃይድሮሊክ 3000 ፒ ኤስ አይ ነው፣ ወደ 207 ባር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጃፓን ውጭ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ 5000 ፒ ኤስ አይ፣ ማለትም 345 ባር ገደማ ነው። ሰሌዳው 50 ላይ የታሰረው ሕጉ በ50ም በ350ም አንድ ስለሆነ፣ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አንድ ስላልሆነ ነው። የሪሊፉ ማስተካከያ በሽቦ ታስሮ ታሽጓል፤ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ማለፍ አይቻልም።

እንዲያም ሆኖ ጥንቃቄው የቀልድ አይደለም። ከመርፌ ቀዳዳ ባነሰ ስንጥቅ የሚተኮስ ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ነጥብ ስለሚመስል ሰው ጠርጎት ሥራውን ይቀጥላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋን እየመረዘ ነው። እንዲህ የተጎዳ ሰው ሕመም ባይሰማውም በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ሄዶ ምን እንደገባበት መናገር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ የዘገየ ጣት ይቆረጣል። በወርክሾፑ ፍሳሽ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈለግም። ሆዝ የሚፈታው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሸክሙ ወርዶ፣ ጌጁ ዜሮ ሲያሳይ ነው። የሞተር መጥፋት ግፊት ጠፋ ማለት አይደለም፤ የተሰቀለ ሸክም ብቻውን ግፊት ይዞ ያድራል።

ተገዝቶ የሚመጣውስ?

ፌስቶን የመሳሰሉ የጀርመን ኩባንያዎች ለትምህርት ብቻ የተሠሩ ውብ ሰሌዳዎች ያመርታሉ። ዕቃዎቹ በአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ ጠቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ሆዞቹ ጠብታ ሳይጥሉ ይነቀላሉ። በአንድ ሰዓት አራት ዓይነት ሰርኪዩት መሥራት ይቻላል። የሰርኪዩት ሐሳብ ለማስተማር የሚወዳደራቸው የለም። ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራው ማስመሰያ ሶፍትዌርም እንደዚሁ ነው፤ ስሕተቱ ዕቃ አይሰብርም።

ግን ኮምፒዩተሩ አያንቋርርም፣ ቱቦውም አይሞቅም። ጠቅ ብሎ የሚገጥመው ሆዝም የጥርስ ልዩነትን፣ የኦሪንግ መቆረጥን፣ ከመጠን በላይ መታሰርን አያስተምርም። ውድ ሰሌዳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ እንዳይበላሽ ተብሎ ላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል። እዚያው የተሠራው ቢበላሽ የሠሩት ልጆች ይጠግኑታል፤ ስለዚህ ማንም ሳይሳሳ ይነካዋል። ድክመቱንም መሸፈን አይገባም። ከያለበት የተሰበሰበ ጌጅ ይዋሻል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ከተረጋገጠ መለኪያ ጋር ጎን ለጎን ተገጥሞ ካልተመሳከረ ምስክርነቱ አይታመንም። ያገለገለ ቫልቭም በራሱ ያሾልካል፤ መምህሩ አስቀድሞ ለክቶ ካልመዘገበው ሠልጣኙ ያልተደበቀ ብልሽት ሲያሳድድ ይውላል።

ሰሌዳ መሥራት ለሚያስብ ኮሌጅ ከዚህ የሚወጣው ምክር የበጀት ነው። ሁለተኛ ሲሊንደር፣ ሃይድሮሊክ ሞተር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ ሁሉ ደስ ይላሉ፤ ቆይተው ሊጨመሩም ይችላሉ። መምጠጫው ላይ አንድ፣ ከፓምፑ ቀጥሎ አንድ፣ ከሲሊንደሩ ላይና ታች ሁለት ጌጅ፣ እንዲሁም አንድ ፍሰት መለኪያ ግን ከመጀመሪያው ቀን መኖር አለባቸው። ፈተናውም አብሮ ይለወጥ። «የዕቃዎቹን ስም ጻፍ» የሚል ጥያቄ ስም የሚያውቅ ሰው ያወጣል፤ «ይህ ማሽን ለምን ሸክም አያነሣም? ሳትፈታ አሳይ» የሚል ጥያቄ ግን መካኒክ ያወጣል። ጋራዦችም ቢሆኑ ይህን ለመጀመር ሰሌዳ መጠበቅ የለባቸውም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች ጌጅ የሚገጠምበት የመለኪያ ቀዳዳ ከፋብሪካ ይዘው ይመጣሉ፤ ክዳኑ ግን ማሽኑ ከገባ ጀምሮ ያልተከፈተው ብዙ ነው። አንድ ጌጅ ከነሆዙ ገዝቶ ክዳኑን መክፈት ከማንኛውም ፓምፕ ይረክሳል።